ደሴቲቱ ላይ በሹክሹክታ

ዕድላዊት የጀልባውን ነጂ ያወቀችው ፊቱን ሳታይ ነው። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ሲነካካ ግራ ትከሻው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያንን ትከሻ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ፣ በሰው ሰርግ ግርግር መሃል ያየች እየመሰላት ስንት ጊዜ ልቧ ዘሎ ነበር! ቀርባ ስታይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሆንባታል። ዛሬ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። አባያ ሐይቅ ዳር፣ ቀላ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚቱን እየመታው የቆመው ራሱ ኤርጫፎ ነው።

"አባዬ፣ ሌላ ጀልባ ብንፈልግስ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ለምን? ይቺ ምን ሆነች?" አሉ አባቷ መምህር በርናባስ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቁልቁለቱን እየወረዱ።

ምን ትበል? ሌላ ጀልባም አልነበረም። ደሴቲቱ ወፎች የሚፈለፍሉባት ጥብቅ ስፍራ ስለሆነች ወደዚያ ለመሄድ ፈቃድ ያላት ይቺው አንዲት ጀልባ ናት። ዕድላዊት ደግሞ የመጣችው ለሥራ ነው፤ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረገውን የውሃ ወፎች ቆጠራ ልትሠራ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቷ ልኳት። አባቷ "አርባ ዓመት አርባ ምንጭ ስኖር ሐይቁን የማውቀው ከላይ ከሴቻ ሰፈር ቁልቁል እያየሁ ነው፤ እስቲ አንድ ቀን ውሰጂኝ" ሲሏት ደስ ብሏት ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም መሄድ ትተዋል።

ኤርጫፎ ቀና አለ። መጀመሪያ መምህሩን አየ፣ ቀጥሎ እሷን። ዓይኑ እሷ ላይ የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ግን ዕድላዊት ተመልሳ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነች።

"እንደምን አደሩ፣ መምህር" አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ እጁን ሳይዘረጋ፣ "እርስዎም እንደምን አደሩ።"

እርስዎ! ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ክንዷን ለመደገፍ የተዘረጋውን እጁን አልፋ በራሷ ወጣች፤ እጁም እዚያው አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ሁለቱም ያንን አዩ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

*

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፏ በሐይቁ ወፎች ላይ ስለነበር አራት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ኤርጫፎ ጀልባ ላይ ትወጣለች። መጽሐፍ ላይ ያጣችውን እሱ ያውቀዋል። የትኛው ወፍ በየትኛው ዛፍ እንደሚያድር፣ ፔሊካኖቹ ዓሣውን እንዴት ከበው ወደ ዳር እንደሚነዱት፣ ጉማሬ ተቆጥቶ ሲመጣ ውሃው ላይ ምን ምልክት እንደሚታይ። "አባ ኮዳ ሌባ ነው" ይላት ነበር፣ ያንን ራሰ በራ ትልቅ ወፍ በአገጩ እየጠቆመ፤ "ሌባ ደግሞ ሰዓት ያውቃል። እናትየዋ ከጎጆዋ እስክትነሳ ነው የሚጠብቃት።"

ምሳቸው ዳር ላይ የሚጠብሰው ዓሣ ነበር። ማንጎ እሷ ከሲቀላ ገበያ ታመጣለች። ከምሳ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ለውሃው ይተዋትና በጋሞኛ መዝሙር ያነሳል፤ የኳየር ልጅ የሆነችው ዕድላዊት ሁለተኛውን ድምፅ ትይዝለታለች። አንድ ቅዳሜ ዝናብ መሃል ሐይቅ ላይ ያዛቸው። ኤርጫፎ ሸራውን በሁለት እጁ ዘርግቶ እሷ ላይ ብቻ ያዘው፤ ራሱ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይስቃል።

"አንተስ?" አለችው።

"እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ፤ አልሟሟም" አላት።

ያን ቀን ነው የምታገባው እሱን እንደሆነ ለራሷ የነገረችው።

ግን የኤርጫፎ እናት እማማ አገርነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ይህ በጋሞ ምድር ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ይነገረው። በድሮው ደንብ ሸክላ የሚሠራ ቤት እና መሬት የሚያርስ ቤት አይጋቡም፤ ከአንድ ዕቃም አይጠጡም። ወንጌል ከገባ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አብረው ይዘምራሉ። ሰርግ የተባለ እንደሆነ ግን ያ ድሮ ፈረሰ የተባለው ግድግዳ ቆሞ ይገኛል።

መምህር በርናባስ ከጋሞ ደጋ፣ የገረሴ ባለ ርስት ልጅ፣ የተከበሩ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። የኤርጫፎ አጎት አቶ ዳና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሲመጡ በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው፤ ወደ ሳሎን ግቡ አላሏቸውም። ነገሩን ሰምተው "ጸልየን መልሱን እንነግራችኋለን" አሏቸው። ዕድላዊት ጓዳ ሆና ቃል በቃል ሰማች። ልትወጣ ፈልጋ ነበር። አልወጣችም።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። አባቷን ስትጠይቃቸው "አልተመለሱም፤ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል" አሏት። አላመነችም። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ለአብሮ አደጓ ለአይዳ ሰጠቻት፤ አይዳም እጁ ላይ አኖርኩት ብላ ምላ ተመለሰች። ኤርጫፎ ግን ድምፁ ጠፋ። ያኔ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄደች። አውቶቡሱ ከአርባ ምንጭ ሲወጣ አባያን በመስኮት እያየች፣ ሐይቁ ከዓይኗ ሲሰወር ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ደረቷ ውስጥ አለ።

*

ደሴቲቱ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። ኤርጫፎ ዳር ላይ የሚሞቁትን አዞዎች በሩቁ አልፎ ጀልባዋን በሸምበቆው መሃል አስገባና ደንቡን እንደማንኛውም ጎብኚ ነገራቸው።

"ወፎቹ ከደነገጡ ሁሉም አንድ ጊዜ ይነሳሉ። ጎጆው ባዶ ከቀረ እንቁላሉን ፀሐይ ያበላሸዋል፤ ጫጩቱን አባ ኮዳ ይወስደዋል። ስለዚህ የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነው።"

መምህር በርናባስን ሾላ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠዋቸው ሁለቱ በጠባቧ መንገድ ወደ ውስጥ ገቡ። ዛፎቹ ሁሉ በኩስ ነጥተዋል፤ ቅርንጫፍ ሁሉ ጎጆ ተሸክሟል። ዕድላዊት በአቅርቦ ማያ መነጽሯ እያየች ትቆጥራለች፣ እሱ ከጎኗ ሆኖ ይመዘግባል። እንደ ድሮው ነው። የክንዱ ሙቀት እንኳ እንደ ድሮው ነው።

"ፔሊካን፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት" አለች።

"ሁለት መቶ አሥራ ስድስት" አለ። "ሁለቱ ከግንዱ ኋላ ናቸው፤ ከዚህ አይታዩዎትም።"

"እርስዎ አትበለኝ!"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቅርብ የነበረች እናት ወፍ አንገቷን ቀና አደረገች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ወፏ ተመልሳ እንቁላሏ ላይ ተቀመጠች።

"ታዲያ ምን ልበል?" አለ ኤርጫፎ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። "የማትፈልገኝን ሴት ምን ብዬ ልጥራ?"

"ማን ነው የማትፈልገው? እኔ አይደለሁም እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩህ? ዘበኛው እስኪዘጋ ድረስ! ለምን አልመጣህም?"

"ማን ጠርቶኝ?"

"ደብዳቤዬ!"

ኤርጫፎ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

"አላነበብኩትም" አለ።

ዕድላዊት መነጽሯን ከዓይኗ አወረደች።

"አይዳ እጄ ላይ አኖረችው። ወፍራም ነበር። ይህን ያህል ገጽ የሚጻፈው ሰው ሲታዘንለት ነው አልኩ። 'አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ እግዚአብሔር ሌላ ይስጥህ' የሚል ነገር ከእጅሽ ጽሕፈት ማንበብ አቃተኝ። መሃል ሐይቅ ላይ ወስጄ ጣልኩት። ቶሎም አልሰጠመም፤ ብዙ ተንሳፈፈ። አሁን ንገሪኝ፤ ምን ይል ነበር?"

ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነገረችው። "እሁድ ና፤ ካንተ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ አባቴ ፊት መቆም እፈልጋለሁ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ሸክላ ማቡካት ቢሆን፣ ዓሣ መሸጥ ቢሆን፣ ካንተ ጋር እማራለሁ ነው የሚለው። ሦስቱም ገጽ የሚለው ይህንኑ ነው።"

ኤርጫፎ ዓይኑን ጨፈነ። ወንድ ልጅ እንዲህ፣ ያለ ድምፅ፣ ከውስጥ ሲፈርስ አይታ አታውቅም ነበር።

"እኔ እኮ ተነግሮኝ ነው" አለ። "አጎቴ ዳና መልሱን ሊሰማ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዶ ነበር። 'ልጅቷን ጠይቀናታል፤ አልፈለገችም' አሉት። ልጅቷ አልፈለገችም፣ ዕድላዊት። በዚህች ቃል ነው ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት።"

"ማን አለው?"

ኤርጫፎ ቀስ ብሎ በቅጠሉ መሃል ወደ ሾላው ጥላ ተመለከተ። ዓይኗ ዓይኑን ተከትሎ ሄደ፤ እዚያ ጥላ ሥር፣ በሕይወቷ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምታምናቸው ሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ዕድላዊት ያኔ የተሰማት ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

*

አባያ ከሰዓት በኋላ ይቆጣል። እነሱ ቆጠራውን ጨርሰው ሲመለሱ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ሸምበቆውን ያርገበግበው ጀምሯል።

"አሁን አንሄድም" አለ ኤርጫፎ። "ጋብ እስኪል እንጠብቃለን።"

መምህር በርናባስ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ይዘውት የነበረው የፕላስቲክ ጠርሙስ ባዶውን ሣር ላይ ወድቋል።

"አባዬ! ምን ሆንክ?"

"ሙቀቱ ነው። ትንሽ አዞረኝ።"

የዕድላዊትም ውሃ አልቋል። ኤርጫፎ ወደ ጀልባዋ ሮጦ ከመቀመጫው ሥር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለች ትንሽ ገንቦ ይዞ መጣ። የእናቱ እጅ ሥራ ናት፤ ውሃ ቀኑን ሙሉ ታቀዘቅዛለች። አጠገባቸው ሲደርስ ግን ቆመ። ገንቦዋን በደረቱ አቅፎ፣ ሽማግሌውን ሳያይ፣ ዝቅ ብሎ ለዕድላዊት እንዲህ አላት፦

"ጠርሙሱን አቀብዪኝ። በሱ ልቅዳላቸው።"

ዕድላዊት ወዲያው ገባት። ይህ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት የተቃጠለው ሰው፣ ያቃጠሉት ሽማግሌ እየደከሙ እንኳ ከሸክላ ሠሪ ገንቦ አፍ እንዳይጠጡ፣ ክብራቸው እንዳይነካባቸው ይጠነቀቅላቸዋል።

መምህር በርናባስም ሰምተዋል። እጃቸውን ዘረጉ።

"ተው" አሉ። "በራሷ ስጠኝ።"

"መምህር፣ ግድ የለም፣ ጠርሙስ አለ—"

"በራሷ ስጠኝ፣ ልጄ።"

ገንቦዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፋቸውን አፏ ላይ አድርገው ጠጡ። ውሃው በአገጫቸው ወርዶ ሸሚዛቸውን አራሰው። ጠጥተው ሲጨርሱ ገንቦዋን አልመለሱም፤ ጭናቸው ላይ አኑረው ሆዷን በመዳፋቸው ይዳብሱ ጀመር።

"የጀልባው ነጂ ማን እንደሆነ ጠይቄ፣ አውቄ ነው የመጣሁት" አሉ። ድምፃቸው ለወፎቹ ሲሉ ዝቅ ያለ ቢሆንም እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። "ቤቱ ልሄድ ብዙ ጊዜ ተነስቼ መንገድ ላይ ተመልሻለሁ። ጀልባ ላይ ግን መመለስ የለም ብዬ ነው። ዕድላዊት፣ ልጄ፣ ዳና ተመልሶ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ልጅቷ አልፈለገችም ያልኩት። ላንቺም አልተመለሱም አልኩሽ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ውሸት ዋሸሁ፤ በዚያው እሁድ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ወንድማማችነት ሰበክሁ።"

"ለምን፣ አባዬ?"

"ፈራሁ። የገረሴ ዘመዶቼ ቀብሬ ላይ አይቆሙም ብዬ ፈራሁ።" ገንቦዋን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ከዚያ እናትሽ ሞተች። አንቺ በሐዘን ጨልሞብሽ አላየሽም። እማማ አገርነሽ ሦስቱንም ቀን መጥተው ከድንኳኑ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። ለኔ ሚስት ነው የሚያለቅሱት። ግቡ ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።"

ዕድላዊት መጮህ ፈለገች። ዘጠኝ ዓመቴን መልስልኝ ብላ አየሩን መሰንጠቅ፣ ደሴቲቱን በሙሉ ማስነሳት ፈለገች። ከራሷ በላይ ግን በየቅርንጫፉ እናቶች እንቁላላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጩኸቷን ዋጠችው። ኤርጫፎ አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር። ትከሻውን ሰጣት፤ ያንን ዝቅ ያለውን ግራ ትከሻውን። ግንባሯን ጣለችበት። ሽታው የሐይቅ ውሃና የነዳጅ ነው፤ ያው የድሮው ሽታ። አባቷ ፊት መሆናቸውን ሁለቱም ረሱት።

*

ነፋሱ ጋብ ሲል ተሻገሩ። መምህር በርናባስ መሬት እንደረገጡ "ወደ እናትህ ቤት ውሰደኝ" አሉ።

ኤርጫፎ ተገረመ። "መምህር፣ ደክመዋል። ደግሞም ደንቡ... ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው።"

"ሽማግሌዎቻችሁ እኮ ድሮ መጥተዋል። መልስ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። ባለ ዕዳ ነው እግሩን የሚያነሳው።"

የእማማ አገርነሽ ግቢ ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። አዳዲስ እንስራዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ እሳቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነክተው ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ ይሠራሉ። ልጃቸው ቀድሞ ገብቶ በጋሞኛ ነገራቸው። ሲነግራቸው ቀስ ብለው ተነሱ። መምህር በርናባስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል።

"ግቡ እስኪሉኝ እዚሁ እቆማለሁ" አሉ።

እማማ አገርነሽ አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱን ቃል አይተው ነው የሚያስቀምጡት። "መምህር" አሉ። "ጸልየን እንነግራችኋለን አላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ነው። እግዚአብሔር ምን አለ?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"የዚያኑ ቀን መልሶልኛል፣ እህቴ። ያላደረስኩት እኔ ነኝ። ልጅዎን በደልኩ፤ ልጄን በደልኩ። እርስዎንም ደጄ ላይ አስለቀስኩ። ይቅር በሉኝ።"

የጎረቤት ሴቶች ከየግቢያቸው ብቅ ብለው ቆመዋል። እማማ አገርነሽ እጃቸው ላይ ያለውን ጭቃ በጣታቸው አፈረፈሩ።

"አፌ ይቅር ማለት ይችላል" አሉ። "ልቤ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል። ግን ግቡ። ሰው ውጭ አይቆምም።"

ከዚያ ወደ ዕድላዊት ዞሩ። ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት።

"አንቺን ግን ሰምቼሽ አላውቅም። አባትሽ ብዙ ተናገረ፣ የኔ ልጅ ብዙ ዝም አለ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ቀኑን ሙሉ ያፈነችው ድምፅ አንድ ጊዜ ወጣ። እንስራዎቹ እስኪያስተጋቡ፣ የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን እስኪይዙ ድረስ ጮክ ብላ ተናገረች።

"እወደዋለሁ፣ እማማ! ያኔም እወደው ነበር። ፈርቼ ጓዳ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ግን ጓዳ አልቀመጥም!"

እማማ አገርነሽ ያንን ጭቃ እጃቸውን ዘረጉ፤ ነጩን ሸሚዟን አይተው መልሰው ሊሰበስቡት ሲሉ ዕድላዊት ቀድማ ያዘቻቸው። አሮጊቷ በጋሞኛ የሆነ ነገር ብለው እቅፍ አደረጓት። ዕድላዊት ትርጉሙን አልጠየቀችም።

ቤት ውስጥ መምህር በርናባስና እማማ አገርነሽ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን ለማየት እያፈሩ፣ ከአንድ ሳህን በሃላኮ፣ በሽፈራው ቅጠል የተሠራውን የበቆሎ ድብልብል፣ ኩርኩፋውን፣ ሲቀምሱ ሁለቱ ደጅ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች።

"ሌላ ሰው አላገባሽም" አለ ኤርጫፎ፣ ጥያቄም ሳያስመስለው።

"ጠይቀውኝ ነበር። እሺ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አንተስ?"

"እማዬ ሁለት ጊዜ አጭታልኝ ነበር። ሁለቴም ጀልባ ላይ ወጥቼ ጠፋሁ።" ሳቀ። ሳቁ ከድሮው የጎረነነ፣ ከድሮው ያጠረ ነው።

ዕድላዊት ቀረብ ብላ ፊቱን አየችው። በዚያ ሸራ ሥር፣ በዝናብ መሃል የተወቻቸው ሁለት ልጆች ትዝ አሏት፤ እነዚያ ልጆች ተመልሰው አይመጡም። አሁን ከጎኗ ያለው የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ጺሙ መሃል፣ አገጩ አጠገብ፣ ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች አሉ። በጣቷ ነካቻቸው። እነዚህ ሲበቅሉ እሷ አልነበረችም፤ ማንም አላያቸውም፣ ማንም አልሳቀባቸውም። ለእነዚያ ሁለት ፀጉሮች ከልቧ አዘነች። ሦስተኛው ሲመጣ ግን፣ አራተኛውም፣ ጺሙ በሙሉ እስኪነጣ ድረስ፣ አንድ በአንድ የምትቆጥራቸው እሷ መሆኗን እያሰበች እጇን ከፊቱ ላይ ሳታነሳ ቆየች።